ከምን የመጣ ደም ማነስ?

በቋንቋችን ደም የማይገባበት ነገር ጥቂት ነው። መልኩ ያማረውን ሰው «ደመ ግቡ» እንለዋለን፤ ሰው የማይወደውን «ደመ መራራ»። የሠራተኛ ዋጋ «ደመወዝ» ነው፤ ደምና ወዝ የፈሰሰበት ማለት ነው። ሳያስብ የሚሮጥ «በደመ ነፍስ» ይሮጣል። ልጅ ሲገረጣና ጨዋታ ሲጠላ ግን ይህ ሁሉ የቃል ሀብት ያልቅና «ደም አንሶታል» በምትል አንዲት ቃል ነገሩ ይዘጋል።

እኛ በካኩማ መጠለያ፣ በሕክምና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በእናቶችና በሐኪሞች መካከል ቃል የምናመላልስ ጥቂት አስተርጓሚዎች ነን። ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ሐኪም የሚለውን ስንሰማ፣ ያልገባንን ስንጠይቅ፣ የተባለውንም ማታ ማታ ስናነብ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ወንበር ላይ እንደ «ደም ማነስ» ደጋግመን ያስተላለፍነው ቃል የለም። ይህ ቃል ግን የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት የበሽታ ስም እንዳልሆነ ሁሉ ደም ማነስም ምልክት ነው። ልጁ ያተኮሰው ሰው «ከወባ ነው? ከጆሮ ነው? ከሳንባ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደም አንሶታል የተባለበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሽሮፑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው «ከምን የመጣ ደም ማነስ?» የምትለው ሁለተኛዋ ጥያቄ በየቤቱ እንድትገባ ነው። ልጅ የሚተርፈው በርስዋ የሆነበትን ቀን አይተናልና።

ለመጠየቅ ደም ምን እንደሆነ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ከመቅኔ ወጥቶ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ይፈርሳል፤ በውስጡ ያለው ብረትም ተለቅሞ ለአዲሱ ሕዋስ ይውላል። ደሙን ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነገር ሲሆን፣ ሥራውም ከሳንባ ኦክስጂን ተሸክሞ ለአንጎል፣ ለልብና ለጡንቻ ማድረስ ነው። ነጮቹ ሕዋሳት ዘበኞች ናቸው። ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅኖች ደግሞ የደም ሥር ሲቀደድ ሮጠው ቀዳዳውን የሚደፍኑ ናቸው። ስለዚህ ደም በሦስት መንገድ ያንሳል፤ ወይ መቅኔው የሚሠራበት ዕቃ ያጣል፤ ወይ የተሠራው ሕዋስ ከዕድሜው በፊት ይፈርሳል፤ ወይም ደሙ ይፈስሳል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ሐኪሙ የልጁን ጣት ወግቶ የሚያነበው ቁጥር የሄሞግሎቢን መጠን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ላለ ሕፃን ከ10.5 በታች፣ ከ2 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ ከ11 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ከዚያ በፊት መለኪያው ለሁለቱም 11 ነበረ። በዚያው በቀድሞው መለኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 57 በመቶው ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። ከሁለት ልጅ ከአንድ በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ልጄ ገረጣ ብላ የምታፍር እናት ካለች ማፈር አይገባትም።

መሣሪያ በሌለበት ቤትም ቢሆን ማየት ይቻላል። የልጆቻችን ቆዳ ጠይም ወይም ጥቁር ስለሆነ ፊት ብዙ አይናገርም። የልጁን መዳፍ ከራስ መዳፍ ጎን አድርጎ በፀሐይ ብርሃን ማስተያየት፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጎ ውስጡን መመልከት፤ ምላሱንና ጥፍሩን ማየት ነው። ቀይ መሆን የሚገባው ነጣ ካለ ደም አንሷል። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ጡት ሲጠባ የሚደክመው፣ ቀን በቀን የሚያንቀላፋ ሕፃን ደግሞ ለነገ አይባልም። ሌላም ምልክት አለ፤ አፈር የሚበላ ልጅ። እናቶች በዚህ ልጅ ሲገርፉ አይተናል። የብረት ማነስ ግን ልጅን አፈር፣ ከሰልና በረዶ ያስመኛል። ያ ልጅ ባለጌ ሳይሆን ደሙ የጎደለበት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያውና በብዛት የሚገኘው ምክንያት የብረት እጥረት ነው። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን የብረት ስንቅ ይዞ ይወለዳል። ስንቁ ለስድስት ወር ያህል ይበቃዋል። እትብቱ እንደ ተወለደ ወዲያው ከመቆረጥ ይልቅ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢቆይ፣ ከእንግዴ ልጁ የሚመለሰው ደም ስንቁን ይጨምርለታል፤ ይህም የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን የጡት ወተት ብቻውን አይበቃም። የምግብ ጠበብት እንደሚያሰሉት ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ሲያስፈልገው ለአባቱ የሚያስፈልገው 8 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ስንተረጉም አባቶች ይስቃሉ። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ሕፃኑ በዓመት ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ አባቱ ከእንግዲህ አያድግም።

ታዲያ ያ ሕፃን የሚበላው ምንድን ነው? የራሽን ማሽላ ወይም በቆሎ ገንፎ፣ ከጎኑም ሻይ። እህል ብረት አለው፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሻይም እንዲሁ ነው። ልጁ እንዲጠግብ ተብሎ በዳቦ የሚሰጠው ሻይ ከዳቦው ጋር የገባውን ብረት ይዞት ይወጣል። በአንጻሩ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃርያ፣ ጎመን ብረቱን ከእህሉ ያላቅቁታል። ጉበትና ሥጋ ሲገኝ ከሁሉ የተሻለ ነው። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማብላላታቸው ደግሞ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት የተገኘ ጥበብ ነው። የጤፍ ብረት ብዙ ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት ሁሉን አያገኘውም። በዚህ በቱርካና ምድር ፍየል ስለማይጠፋ አንድ ነገር እንጨምር። የፍየል ወተት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ይጎድለውና በሌላ መንገድ ደሙ ያንሳል። የላም ወተትም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ዋና ምግቡ ሊሆን አይገባም።

የብረት ሽሮፕ የተሰጠው ልጅ ዓይነ ምድሩ ቢጠቁር አያስደንግጥ፤ መድኃኒቱ ነው። መዳፉ ቀይ ሆነ ተብሎም በሦስተኛው ሳምንት አይቋረጥ፤ ጎተራው እንዲሞላ ሐኪሞች ሦስት ወር ያህል ያስቀጥላሉ። ጠርሙሱ ግን ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። ጣፋጭ መስሏቸው ብዙ የጠጡ ሕፃናት በብረት መርዝ ይሞታሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ወባ ነው። የታራች ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። አንድ ሌሊት ጎርፍ ሲወርድበት ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሕክምናው ጣቢያ ግቢ ይሞላል። የወባዋ ተሕዋስ ቀይ ሕዋሱ ውስጥ ገብታ ትበላዋለች፤ ሲሞላላትም ሰንጥቃው ትወጣለች። የተያዘው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ጣፊያ ያልተያዙትን ጭምር ያፈርሳል። በወባ አገር ያላደገ የደጋ ልጅ ደግሞ የመቋቋም ልምድ ስለሌለው ሰኞ ሲሮጥ የዋለው ሐሙስ እንደ ወረቀት ነጥቶ ሊመጣ ይችላል። በእርጥብ አፈር በባዶ እግር የሚገባው የመንጠቆ ትልም ቀስ ብሎ የሚሠራ ሌባ ነው፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደም ይወስዳል። ለእርሱ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጫማ፣ ጉድጓድ መጸዳጃና ሐኪም የሚሰጠው የትል ክኒን።

ሄሞግሎቢኑ ከ4 በታች የወረደ ልጅ፣ ወይም እስከ 6 ሆኖ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ፣ ሽሮፕ አይደርስለትም። ደም ያስፈልገዋል። ባለፈው የዝናብ ወቅት የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ 3.8 ሆኖ መጣ። ክብደቱ 10 ኪሎ ነበረ። ሐኪሙ ከዘመድ ደም የሚሰጥ ካለ ጠይቁ አለን። አባትየው አንገቱን ደፋ። «ወንድሞቼ፣ በቀን አንዴ በልቼ የምውል ሰው ደሜን ብሰጥ ማን ቆሞ ይሄድልኛል? ሁለቱ ታላላቆቹስ?» አለ። ከፍርሃት የመጣ ነገር አልነበረም፤ ስሌት ነበር። እኛም ስሌቱን ከሐኪሙ ጋር ሆነን በስሌት መለስንለት።

ለአንድ 10 ኪሎ ልጅ የሚሰጠው ደም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህም ሦስት የቡና ሲኒ ማለት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይቀራል። የጎደለው ፈሳሽ በአንድ በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሱም በጥቂት ሳምንታት። ክብደቱና የራሱ ደም ተለክቶ ካልበቃ ሐኪሙ ራሱ አይቀበለውም። የእርሱ ዓይነት ከልጁ ባይገጥም እንኳ ለሌላው ልጅ ይሆናል፤ የሌላውም አባት ለእርሱ። የደም ዓይነቶችን ካርል ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ ካሳወቀ ጀምሮ የሰው ልጅ የማንም ይሁን የማን ደም እየተዋዋሰ ኖሯል። አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ከእርሱ በኋላ ከሌላ ብሎክ የመጡ፣ ቋንቋችንን የማይሰሙ ሁለት የሱዳን ልጆች ተሰለፉ። በማግስቱ ልጁ ተቀምጦ ብስኩት ይዞ ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የምንለው ተረት ሆኖ የሚታየን ደም ስንሰጥ ካላየን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሽሮፕ የማያድነው፣ ወባም ሳይኖር የሚመጣው ነው። ከእኛ አጥር ቀጥሎ የምትኖር የኮንጎ ተወላጅ እናት ነበረች። ልጅዋ ዘጠኝ ወር ሲሆነው የሁለት እጁና የሁለት እግሩ ጀርባ አብጦ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በእኛው ሰፈር አንዱ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ዓይን ገብቶበታል፣ ቡዳ ነው» ብላ ልጆችዋን ከደጃፍዋ ሰበሰበች። እናቲቱ ከገበያ የብረት ሽሮፕ እየገዛች ታጠጣው ነበር። በመጨረሻ ደሙ ሲመረመር ሲክል ሴል ሆኖ ተገኘ።

በዚህ በሽታ ቀይ ሕዋሱ ክብና ልስልስ መሆኑ ቀርቶ ኦክስጂኑን ሲያራግፍ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። የታጠፈው በጠባቡ የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀርና ደም መሄጃ ያጣል። ሕመሙ ከዚያ ነው። 120 ቀን መኖር የሚገባው ሕዋስም ከ10 እስከ 20 ቀን ኖሮ ይፈርሳል፤ ደም ማነሱና የዓይን ቢጫነቱ ከዚያ ነው። ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1910 በቺካጎ ጄምስ ሄሪክ የተባለ ሐኪም ከግሬናዳ ደሴት በመጣ ተማሪ ደም ውስጥ አይቶ ለሕክምናው ዓለም ጻፈ። ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥፋቱ በራሱ በሄሞግሎቢኑ ላይ መሆኑን አሳየ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቨርነን ኢንግራም፣ 146 ጡቦች ካሉት አንድ ሰንሰለት ውስጥ የተለወጠው አንዱ ጡብ ብቻ መሆኑን አገኘ። ያ ሁሉ ሥቃይ ከአንድ ጡብ!

እናቲቱ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው «ጥፋቱ የኔ ነው?» ብላ ነበር። ባልዋ ይህን ይጠይቅ ነበርና። መልሱ ለሁሉ እናት ይድረስ። ልጁ የሚታመመው ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ምልክት ሲወርስ ነው። አንዱን ብቻ የወረሰ ጤነኛ ነው፤ ሳያውቀው ይኖራል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚዎች ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። ጥፋተኛ የለም፤ ካለም እኩል ነው።

«የእነርሱ በሽታ ነው፣ የሐበሻ አይደለም» የሚል ቃል በሰፈራችን እንሰማለን። እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኬንያ ያደገው አንቶኒ አሊሰን አንድ ነገር ለዓለም ገለጠ። በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ የሲክል ሴል ምልክት የሚበዛው በባሕር ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ ማለትም ወባ በበዛበት ነው፤ በደጋው ብርቅ ነው። ምክንያቱም አንዱን ምልክት ብቻ የያዘ ሕፃን በወባ የመሞት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ የአንድ ሕዝብ ምልክት አይደለም፤ ወባ በሰው ደም ላይ የጻፈችው ጽሕፈት ነው። በደጋችን ብርቅ የሆነው ደማችን ስለተለየ ሳይሆን ትንኝዋ ዳገት ስለማትወድ ነው፤ በወባማው ቆላችን ይገኛል። ደግሞም መጠለያ ሕዝብ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ልጆቻችን ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሱዳን ልጆች ጋር ተምረው ይጋባሉ፤ ተጋብተዋልም። የነገ የልጅ ልጆቻችን ደም ዛሬ «የእነርሱ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት መመርመር ማንንም ማስቀየም የለበትም።

ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ዛሬ ያለ ተስፋ አይደለም። በጊዜ ከታወቀ እስከ አምስት ዓመቱ በየቀኑ ፔኒሲሊን ይወስዳል፤ ክትባቱን ይጨርሳል፤ ከወባ ይጠበቃል፤ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከብርድና ከድካም ይጠበቃል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በኬንያ ኪሊፊ፣ በኡጋንዳ ምባሌ፣ በኪንሻሳና በሉዋንዳ ከ600 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ሕመሙን፣ ደም መቀበሉን፣ ሞቱንም እንደ ቀነሰ አሳይቷል። የብረት ሽሮፕ ግን ለዚህ ልጅ ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም፤ ብረቱ አልጎደለበትም፤ ከሚፈርሰው ሕዋስና ከሚቀበለው ደም እንዲያውም ይከማችበታል። «ከምን የመጣ?» የምትለው ጥያቄ ዋጋዋ እዚህ ላይ ይታያል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሸክም ነው። ያ የጎረቤታችን ልጅ አሁን እየዳኸ በእኛው ግቢ ይጫወታል። ልጆችዋን የሰበሰበችው ሴትዮም አሁን ውኃ የምታጠጣው እርስዋ ናት።

አራተኛው ምክንያት ወደ ማዕዳችን ይመጣል። ባቄላ እሸቱን በጥሬ፣ ደረቁን በቆሎና በሽሮ የማይበላ ማን አለ? ጂ6ፒዲ የሚባለው የሕዋስ ጠባቂ የጎደለው ልጅ ግን ባቄላ፣ ይልቁንም እሸቱን ከበላ ቀይ ሕዋሱ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ መፍረስ ሊጀምር ይችላል። ሽንቱ እንደ ደማቅ ሻይ ይጠቁራል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ይገረጣል። አንዳንድ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከነዚህ አንዱ በጉበት ተደብቃ ለምታገረሽ ወባ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ነው። ይህም ጉድለት በወባ አገር የበዛ ነው፤ ወንዶች ልጆችን ይበልጥ ይይዛል። ባቄላ በልቶ ምንም ያልሆነ ልጅ ባቄላውን አይከልከል። ሽንቱ የጠቆረበት ልጅ ግን ዕለቱን ይወሰድ፤ ምን እንደበላና ምን እንደዋጠም ይነገር። ጓዳን ለሐኪም መግለጥ ነውር አይደለም።

በመጨረሻ የሚፈስሰው ደም አለ። አራስ ሕፃን ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ኬ ሲወለድ ጥቂት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በተወለደ ዕለት ጭኑ ላይ አንድ መርፌ ይወጋል። በቤት የተወለደ ልጅ ይህን ሳያገኝ ይቀርና በመጀመሪያው ሳምንት ከእትብቱ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአንጀቱ ሊደማ ይችላል፤ አንዳንዴም ሳምንታት ቆይቶ በአንጎል ውስጥ። ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ የሚገረዝበት ልማድ ስላለን፣ ከግርዘቱ በፊት «መርፌው ተወግቷል?» ብሎ መጠየቅ የአያትም የአባትም ሥራ ነው።

ሌላው ሄሞፊሊያ ነው። ደም ከሚያረጉት ነገሮች አንዱ ከልደት ጀምሮ የጎደለበት ልጅ ነው። ጉድለቱን እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ከወንዶች ልጆችዋ ግማሹ ሊይዛቸው ይችላል። በአንድ ወቅት የሰባት ወር ወንድ ልጅ ሳል በዛበት ተብሎ በቤት እንጥሉ ተቆረጠ። ደሙ አልቆም አለ። ወደ ጣቢያው ሲደርስ መሽቶ ነበር፤ ሌሊቱንም አላለፈም። እናቱ ከቀብር በኋላ ስታለቅስ ያለችውን አንረሳም፤ «ወንድሜም በግርዘት ነው የሞተው፤ የአክስቴም ልጅ እንዲሁ» አለች። በአገርዋ ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር፤ እግዜር ያመጣው ተብሎ ተረስቶ ነበር። ሦስት ወንዶች በአንድ ወገን፣ በአንድ ዓይነት ሞት። ያ ዝምድና መድኃኒት ከሆነ ቃል ይበልጥ ይናገር ነበር።

ስለዚህ በእናት በኩል ሲደማ የሞተ ወንድ ካለ ከግርዘትም ከጥርስ ማስነቀልም በፊት ለሐኪም ይነገር። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለማንም ልጅ አይጠቅምም፤ ለሳልም ለጉሮሮም መድኃኒት አይደለም። መዳኽ ሲጀምር ጉልበቱ የሚያብጥ፣ በትንሽ መውደቅ የሚበልዝ ወንድ ልጅ ካለ ለሕመሙ አስፕሪን አይሰጠው፤ ጡንቻ ላይ መርፌም ሐኪም ሳያውቅ አይወጋ። ደግሞም መገርጣት፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የአጥንት ሕመምና የዕጢ እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ የመቅኔው የራሱ በሽታ፣ የደም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀን አይቆጠር። በልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት በጊዜ ከተያዘ የሚድን ነው።

ወደ ወንበራችን እንመለስ። እናቶች ሆይ፣ ለሐኪሙ እንድንናገርላችሁ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ልጁ ከመቼ ጀምሮ ገረጣ? ምን ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል ወይ? አፈር ይበላል? ሽንቱ፣ ዓይኑ ቀለሙን ለወጠ? እጅ እግሩ አብጦ ያውቃል? በወገን ሲደማ ወይም ገርጥቶ የሞተ ሕፃን አለ? ይህን ስትነግሩን እኛ ከሐኪሙ በቀር ለማንም አንናገርም፤ ሥራችን ይህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሐኪሙም «ደም ማነስ ነው» ሲላችሁ አትነሡ። «ከምን የመጣ?» በሉን፤ እንጠይቅላችኋለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ስደት ወረቀት ያጠፋል። የልጃችሁ የሄሞግሎቢን ቁጥር፣ የደሙ ዓይነት፣ የተነገራችሁ የበሽታ ስም በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ካርዱም በፌስታል ተጠቅልሎ ከራሽን ካርዱ ጋር ይቀመጥ። ነገ ወደ ሌላ አገር ብትሻገሩ፣ ወደ አገራችሁም ብትመለሱ፣ የሚያገኛችሁ ሐኪም ካዚህ ይጀምራል እንጂ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም።

ይህን ገጽ ያነበበ ለማያነብ ጎረቤቱ ያንብብለት፤ ቋንቋችንን ለማይሰማውም በሚያውቀው ስዋሂሊ ይንገረው። ከዚያ ለሚቀጥለው ቤት ያስተላልፈው።